ሰባት የፀጉር ሽቦ

የሳሬማ አፈር ስስ ነው፣ ስንዝር አይሞላም ጥልቀቱ፤
ዶማ ሲያርፍበት ይጮኻል፣ ኖራ ድንጋይ ነው መሠረቱ።
ጽጌረዳ ተከልኩ፣ ደረቀ። ጎመን ተከልኩ፣ ቀጨጨ።
የባልቲክ ነፋስ ያገኘውን ሁሉ እያላጋ ፈጨ።

በስድሳ ስምንት ዓመቴ ከድንጋዩ ጋር ታረቅሁ፣
«ድንጋይ የሚወድ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።
የዘር መደብሯ ልጅ፣ ማሬት፣ አንዲት ጣሳ ሰጠችኝ፤
«ጦስኝ ነው፤ ይህኛው አይቆምም፣ ይድሃል» አለችኝ።

ጣቴን ባሳልፍበት ሸተተ፤
ሎሚ አይደል፣ በርበሬ አይደል፣
ሁለቱንም በሩቁ የሚያውቅ ሽታ።

ፍግ አልሰጠሁትም፤ የጠገበ ጦስኝ ይሰንፋል፣
ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ መዓዛው ይጠፋል።
ውሃም በጭልፋ፤ እግሩ ከረጠበ ይበሰብሳል፣
ጠጠር ከተነጠፈለት ግን በጠጠር ላይ ይነግሣል።

ላባዛው ስል መጀመሪያ ቆርጬ በብርጭቆ ውሃ አቆምኩት፤
በሳምንቱ ጠቆረ። ይቅርታ ጠይቄ ጣልኩት።
ልጄ ኡርቬ ከታሊን ደወለች፤ «ሁለት ዩሮ ነው አንዱ ችግኝ፣
ምን ያስጎነብስሻል?» ትላለች። መጎንበሱ ነው ደስ የሚለኝ።

ፀጉሬን ካሳጠርኩ ቆየሁ፤ ሽቦዎቹ መሳቢያ ውስጥ አሉ፣
ሰባት ናቸው፤ ሥራ ፈትተው ይዝጋሉ።
ሰኔ ላይ፦ ከሆዱ ቅጠሉን መለጥ፣ ሐረጉን ወደ አፈር ጎንበስ፣
በሽቦዬ ጥብቅ፣ እፍኝ ጠጠር በላዩ ነስነስ።
ስድስት ሳምንት አልነካሁትም። እናቱ ታጠባዋለች፣
የራሱን ሥር እስኪያወጣ እሷ ትሸከመዋለች።
ከዚያ በመቀስ እትብቱን ቀጭ።
ማንም አላለቀሰም።

ከካቡ ማዶ ኤንዴል አለ፤ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ አሁን ጡረታ፣
አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፣ ሳንለዋወጥ ሰላምታ።
ጠባችን አንድ የፖም ዛፍ፤ ጥላው የእኔ፣ ግንዱ የእሱ፤
ቅርንጫፉን በመጋዝ ስጥለው ቃል አልወጣም ከምላሱ።

ጦስኝ ግን ኩርፊያ አያውቅም፤ ድንበር አልተነገረውም፣
በካቡ ስንጥቅ ሾለከ፤ ከማዶ ማንም አልጠራውም።
ያን ሰሞን ሽቦዬን ብቆጥር ስድስት፤ ሰባተኛው የለም።
መሳቢያ በረበርኩ፣ ጠጠር ነፋሁ፣ ተውኩት፤ ሽቦ ነው፣ ወርቅ አይደለም።

በረዶው መጣ፤ አምስት ወር ሁሉን ነገር ሸፈነ።
ሞተ? ተኛ? እንጃ፤ ሲገለጥ ሁሉም ቡናማ ሆነ።
ሚያዝያ ላይ ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው፣ አረንጓዴ።
ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፣ አንዴ።

ግንቦት። ካቡ ጫፍ ላይ የሰርዲን ቆርቆሮ ተቀምጧል፣
ውስጡ የጦስኝ ችግኝ፤ ሐረጉን የእኔው ሽቦ ጨብጧል።
ታቹ በሚስማር ተበስቷል፣ ውሃ እንዳያቁር፤
ማን አስተማረው? ሲያየኝ ከርሟላ፣ አፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን ሳይሰውር።

ተንጠራርቼ ወደ ማዶ አየሁ። በመንገዱ ድንጋይ መሐል
ሦስት ሐረግ በዓሣ መንጠቆ ተይዞ አፈር ላይ ተጋድሟል።
የመንጠቆዎቹን እሾህ በሞረድ ፍቋል፣ ሐረጉን እንዳይቀድ።
ይህን እጅ ነበር እንዴ የጠላሁት? ጉድ።

ከመረቡ ቀና አለ።
«አበባው ሲረግፍ ከርክመው» አልኩት። ድምፄ እንደ ዛገ በር።
«አለበለዚያ በአራት ዓመቱ መሐሉ ይመለጣል፣ ዳሩ ብቻ ነው የሚቀር።»
ባርኔጣውን አነሳ። መሐሉ ራቁት፣ ዳር ዳሩ ሽበት።
«አውቃለሁ፣ ሄልቬ» አለ፤ «እኔም በጊዜ መቀስ አጣሁለት።»

ሽቦዬን ከችግኙ ላወጣ ነበር፤ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል።
ስድስቱ ይበቁኛል።
ዘንድሮ የፖሙ ዛፍ አንድ ቀንበጥ ወደ እኔ ግቢ ልኳል፤
መጋዙ ጓዳ ነው፣ ከበሩ ኋላ፤
ሥር ስለመያዝ ግን ፖም እንደ ጦስኝ አይደለም፣
እሱን ገና እጠይቀዋለሁ።