የጋቢናው ላብ

ሰኔ ነው፣ ካቦርካ፤ የሶኖራ በረሃ፣
ጥላው ጥላ ሲሻ፣ ውሃም ሲሻ ውሃ።
ኤቬላርዶ ደርሶ ተሳቢውን አቆመ፤
በሩን ገፍቶ ወርዶ፣ ግንብ ይዞ አዘገመ።
የሸሚዙ ጀርባ የጨው ካርታ ሠርቷል፣
ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቃል ማውጣት ተስኖታል።

ከኋላው ግን ጭነቱ፣ አሥራ ስምንት ቶን ወይን፣
በሁለት ዲግሪ ብርድ ተኝቷል እንደ ሕፃን።
የራሱ ሞተር አለው፣ ሌት ተቀን ያንጎራጉርለታል፤
ሙቀቱ በየሰዓቱ መዝገብ ላይ ይጻፍለታል፤
አንዲት ዘለላ ብትሞቅ ካሳ ይጠየቃል።
ሰውየው ቢግልስ?
ለእሱ ፎርም አልተዘጋጀም።

አክስቴ ዴልፊና አይዞህ ማለት አታውቅም።
ውሃ ሰጠችው ብቻ፣ ጨውና ሎሚ ጨምራ፤
«ካቻቢቴ!» አለችኝ፣ የኮፋኖውን ሆድ መርምራ።
አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያን ቀን ነው የገባኝ
ብርድ የሚባል ነገር በሰው እጅ እንደማይሠራ።

«ብርድ አይሠራም ልጄ፤ ሙቀት ነው የሚባረረው።
ይቺ ጋዝ ተሸካሚ ናት፤
ከጋቢና ሸክማ ወጥታ፣ ደጅ አራግፋ ትመለሳለች፤
ደመወዝ የላትም፣ እሑድ የላትም።
ይሄ ኮምፕሬሰሩ ነው፤ ቺንጋው ከሞተር አስሮ ያዞረዋል፤
እሱ ደግሞ እሷን አንገቷን ይዞ ይጨምቃታል።
የተጨመቀም ይግላል፣ የተጨነቀም ይግላል፤
በአንድ ፊደል ነው የሚለዩት።

ከዚያ ግንባር ላይ ወዳለው ኮንደንሰር ትወጣለች፤
ይህን በረሃ እንኳ በግለት ትበልጠዋለች፣
ስለዚህ ለበረሃው የምታበድረው አላት!
ፋኑ ሲያነፍስባት ሸክሟን ጥላ፣ ፈሳሽ ሆና ትወርዳለች፤
ማድረቂያው ጠርሙስ ውስጥ እርጥበቷን ትታ ታልፋለች።
ቀጥሎ ቫልቩ አለ። ቀዳዳው የመርፌ ዓይን ነው፤
በዚያ ሾልካ ስትወጣ ድንገት ሰፊ ሜዳ ታገኛለች፣
እፎይ ትላለች።
ብርዱ ያ እፎይታዋ ነው።»

ይህን ስትል እጇ አላረፈም። ኮንደንሰሩን አየነው፤
በክንፎቹ መሃል የአንበጣ እግር፣ አቧራ፣
ቢጫ ቢራቢሮ ተጋግሮ እንደ ግንብ ሥራ።
የጋቢናው ማጣሪያ ሲወጣ የሸክላ ጡብ መስሏል፤
የማኖሜትሩ መርፌ ከእንቅልፉ አልነቃም፣ ተኝቷል።
ናይትሮጅን ሞላች፣ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀባች፣
ጆሮዋን አስጠግታ ዝም ብላ ጠበቀች።
በኮምፕሬሰሩ አንገት አንዲት አረፋ አበጠች፣
ፈነዳች፣
ደግማ አበጠች።
ከወይን ልጣጭ የምትቀጥን የጎማ ቀለበት ናት
ያን ግዙፍ ሰውዬ በቁሙ የቀቀለችው።

ኤቬላርዶ ስልክ ደወለ፤ አለቃው እስከ ደጅ ይሰማል፦
«ወይኑ ደህና ነው?»
«ደህና ነው።»
«እንግዲያው መስኮት ክፈት፣ ንዳ።»

አክስቴ ዱቤ መዝገቧን አወጣች፣ እርሳሷን በምራቅ አርሳ፦
ቀለበት አንድ፣ ጋዝ፣ የግማሽ ቀን ጉልበት።
መክፈያ ቀን የሚለውን ባዶ ተወችው፤
ረስታ አይደለም፣ አክስቴ ዱቤ አትረሳም።

ማጣሪያውን በአየር ነፋሁ፣ ኮንደንሰሩን በዝግታ አጠብኩ፤
ሞተር ተነሳ፣ ፍሪሲዮኑ ጠቅ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።
ኤቬላርዶ ፊቱን ለአየር መውጫው ሰጥቶ፣
ሁለት እጁን በመሪው ላይ ትቶ፣
ብዙ ቆየ። ያለቀሰ እንደሆነ አላየሁም፤
አክስቴ ቁልፍ ልቀማ ልካኝ ነበር።

ስመለስ ከጋቢናው ሥር፣ ከቀጭኗ ቱቦ፣
ጠብ... ጠብ... አለ። ደነገጥኩ፤
«ሌላ ቦታ ደግሞ ያፈሳል!» ብዬ ጮህኩ።
«ላብ ነው» አለች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፤
«እስካሁን እሱ ሲያልበው ነበር፣
አሁን ተራው የመኪናው ነው።»

የጋራዡ ውሻ መጣ፣ አሸተተ፣
ጅራቱን ቆልፎ፣ ከተሳቢው ጥላ ሥር ተኝቶ፣
ያን ንጹሕ ውሃ ይልስ ጀመር።
ኤቬላርዶ ጥሩንባ ነፋ፤ ውሻው አልተነሣም።
ደግሞ ነፋ።