የኤርሜሊንዳ ክብሪት

ሥራዬ ቀስት ማዞር ነው፣
ከመንደሩ መግቢያ፣ ከድንጋዩ ድልድይ ራስ በቆመው፣
ግማሽ ጨረቃ በመሰለው ሰሌዳ ላይ፦
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ።
ማለዳ ስልኩ ሲጮኽ፣ የነገሩኝን ሰምቼ፣
ቀስቷን ወደ ቀለሟ እመልሳለሁ፣ በብስክሌት መጥቼ።
ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ ግን ቀይ ላይ ዝጋ ቀርታለች፤
ዘይት ብቀባትም እንኳ መመለሱን ረስታለች።

ከሥሯ ወረቀት አለ፤ ማኅተሙን ፀሐይ የመጠጠው፣
ጠርዙን ፍየል የቀረጠፈው፤ ቃሉ ግን ዛሬም ግልጥ ነው፦
«ጭራሮ ማንደድ ክልክል፤ ገለባ ማቃጠል ክልክል፤
ሞተር ማጨጃ ከቀትር ወዲያ ክልክል፤
ከቤትህ ዙሪያ ሃምሳ ሜትር ሣርህን አጽዳ፤
ያላጸዳ ይከፍላል ዕዳ።»

ኤርሜሊንዳ፣ የሰማንያ አራት ዓመት ባልቴት፣
ወይራዎቿን በገዛ እጇ የመለመለች በመጋቢት፣
ጭራሮውን ከመንገዱ ዳር፣ ከካቡ ሥር ከምራ፣
በየጠዋቱ ትጠብቀኛለች፣ ከዶሮዎቿ ጋራ።

«ዛሬስ ተፈቀደ?»
«አልተፈቀደም እሜቴ፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ነጎደ።»
«ዛሬስ?» «ዛሬም አይሆንም።»
«ነገስ?» «ነገማ በኔ እጅ አይደለም።»
«አባቴ ያነድ ነበር፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፤
ድንቹም የሚወፍረው በዚያው በወይራ አመድ።
ታዲያ ያሁኑ እሳት ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያበደው?»
አፌ ዝም አለ፤ ዓይኔ ግን ተራራውን ወጣው፣ ወረደው፦
ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣
የወረቀት ፋብሪካ የተከለው፣ ከግርጌ እስከ ጫፍ፤
ወጣቱ ወደ ሊዝበን፣ ወደ ሉክሰምበርግ ሲሰደድ፣
ጦም ባደረው እርሻ ላይ የበቀለ ዘመድ አልባ ዘመድ።
ስሙ ባሕር ይላል እንጂ ጠብታ አያድር ከሥሩ፤
ቅርፊቱ እንደ ቡትቶ ተንጠልጥሏል ከነክሩ።
«ሳይቃጠል በቅጠል» ያለ ሰው ይህን ቅጠል አላወቀም፤
ዘይት ነው የሚያልበው፤ ለእሳት ይቆማል እንጂ ለሰው አይጠነቀቅም።

በነሐሴ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቀትር ሲያልፍ፣
ሕግ አክባሪ ሰው ሣሩን ያጭድ ነበር፣ ከቅጣት ሊተርፍ፤
ሃምሳ ሜትሯን አስታውሶ ሰዓቷን ግን ዘንግቶ።
ምላጩ ድንጋይ ነካ። ጭሱን አየሁት ተዘርግቶ።

የቀረው አጭር ነው፦
ደወል፣ ላሞች፣ ቀን በቀን የጨለመው።
አውሮፕላኑ ከግድቡ ጠልቆ፣ በራሳችን ላይ አልፎ፣
የደፋው ውኃ ምድር ሳይነካ እንፋሎት ሆነ ተንሳፎ።
የእሳት ጓዱ አለቃ አዴሊኖ፣ ለወትሮው ዳቦ ጋጋሪ፣
ጣቱን በምራቅ አርሶ ነፋስ ለካ፣ እንደ መርከብ መሪ።
«ሽቅብ ይስበዋል» አለ፤ «ከዚሁ ከመንገድ ዳር እንለኩሰው፤
ያኛው ሲመጣ የሚበላው አጥቶ፣ ባዶ ምድር ይቅመሰው።»

ችቦ ፍለጋ ወደ መኪናው ስንሮጥ
ኤርሜሊንዳ ከደጇ ወጣች። አልሮጠች፤ አልጮኸች።
እጇን ከሽርጧ ኪስ ከተተች፤
ከግንቦት ጀምሮ የተሸከመቻትን፣ ጥጓ የላላ፣
የክብሪት ሳጥን አወጣች፤ አየችኝ ከጭሱ ጥላ፦
«ዛሬስ ተፈቀደ?»
ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣም፤ አንገቴ ብቻ ሰገደ።

ጫረች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ያዘ።
የወይራው ጭራሮ ተንጣጣ፤ ነበልባሉ ሽቅብ ተጓዘ።
ሁለቱ እሳት ከተራራው ወገብ ላይ ተገናኙ፤
እንደ ተጣላ ወንድማማች እየተናነቁ ተኙ።

ቤቷ ተረፈ። ዶሮዎቿም፣ ከአንዷ በቀር።
ሰባት ወይራ ግን ከሰል ሆኖ ቆሟል፣ ከካቡ ሥር።
የእሳት ልጅ አመድ ይባላል፤ እኔ ሌላ ልጁን አየሁት፦
ዝምታን። ሰሌዳው ቀልጦ፣ ቀይም ቢጫም የለ፤ እጄን ሰድጄ ተውኩት።

በጥቅምት ዝናብ ጣለ፤ ፈቃድ መስጠት ተጀመረ።
ኤርሜሊንዳ ገባች፤ ጃንጥላዋ ወለሌ ላይ ኩሬ ቋጠረ።
«ፈቃዴን ስጠኝ።» «ምን ሊቃጠል እሜቴ? ምን ቀረ?»
«ምንም። ወረቀቱን ነው የምፈልገው፤
ከግንቦት ጀምሮ የጠየቅሁህን። ማኅተሙን አድርገው።»

ጻፍኩ። «የሚቃጠለው» ከሚለው መስመር ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤
ባዶውን ተውኩት። ማኅተሙ ብቻ በላዩ ታተመ።
አራት ቦታ አጥፋ፣
ክብሪቷ በነበረችበት ኪስ ከተተችው።
«ነገስ ነፋሱ ከየት ነው?» አለችኝ፣ በሩን እየከፈተችው።