ጀርባ የሌለው ዳይስ

ናኢም እግሩ ከዳው፣ ልጁ ወደ አሽዶድ ወሰደችው።
የሼሽቤሹን ሰሌዳ ለአባቴ ተወለት፣
ዳይሶቹን ግን ኪሱ ከተተ።
«ጨዋታው አላለቀም፣ ይርዳው» አለ ከመኪናው መስኮት።

አላለቀም።
ሰሌዳው ቤርሳቤህ፣ ደረጃው ሥር፣
ዳይሱ አሽዶድ፣ ባሕሩ ዳር፤
ናኢም ለሁለቱም ይጥላል፣ የወደቀውን በስልክ ይልካል፣
አባቴ የሁለቱንም ጠጠር ይገፋል።

የአባቴ ስልክ ግን አሮጌ ነው።
የተላከው ዳይስ ሲደርስ ባዶ ሳጥን፣
ነጥብ የሌለው፣
የመብራት ሒሳቡ ያልተከፈለ ቤት።
«ዜሮ ያለው ዳይስም አለ እንዴ?»

የእኔ እንጀራ ይኸው ነው፤
በሌሊት ፈረቃ የስልክ ምልክቶችን መፈተሽ፤
ስንቴ ነጋብኝ ልብ፣ ሙዝ፣ የምታለቅስ ድመት ስቆጥር።
አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አባ፣ በጽሑፍ ውስጥ ዳይስ ሥዕል አይደለም፣ ቁጥር ነው።
ባለ አንድ ነጥቡ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ስድስት፣
ባለ ሁለቱ ቀጥሎ፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድሳ አንድ፤
ስድስት ቤት፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች።
በአየር የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ፤
ነጥቡን የሚያበራው ተቀባዩ ነው፣ መልኩን ካወቀ።
ካላወቀ ባዶ ሳጥን ይስላል፦
«አንድ እንግዳ መጥቷል፣ ማንነቱን አላውቅም።»

አባቴ ሳቀ።
«ስንመጣ እኛንም እንዲያ ነበር የጻፉን።»

ከዚያ ትዝ አለው፣ ፊደላችን ራሱ
ከጎንደር ሲላክ ሳጥን በሳጥን የደረሰበት ጊዜ፤
የእህቱ ልጅ «እንደምን ከረማችሁ»
በር እንደሌለው መጋዘን ተደርድሮ።
«የዕ ቁጥሯ ስንት ነው?»
አራት ሺህ ስምንት መቶ ሃያ አንድ።
«የጣስ?»
አራት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።
«ዕጣም ቁጥር ወጥቶለታል በያ።»
ዝም አለ። ጠጠር በጣቱ አሸ።
«ቁጥሩ ከታወቀማ፣ ያ ዳይስ አይንከባለልም።»

አይንከባለልም፣ አባ።
ጽሑፍ ውስጥ የሚገባው ወድቆ ያበቃው ነው።
ደግሞም ጀርባ የለውም።
የእጁ ዳይስ አንድን ሲያሳይ ስድስትን አዝሎ ነው፣
ሁለት አምስትን፣ ሦስት አራትን፤
ፊትና ጀርባ ሲደመር ሁሌም ሰባት፣
ከተማችን በስሟ እንደያዘችው ሰባት።
የጽሑፉ ግን ፊት ብቻ።

መልኮቹን ጫንኩለት። ሳጥኖቹ በሩ።
ከዚያ ወዲያ አባቴ ማሸነፍ ጀመረ!
ሃያ ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ሰው
አንድ ሳምንት አሸነፈ፣ ሌላም ሳምንት፣
ፎቁ ሁሉ እስኪሰለቸው አወራ።

አንድ አርብ ጠዋት አሽዶድ ሄድኩ፣
አባቴ በጣሳ ያበቀለውን ቃሪያ ይዤ።
ናኢም ብርድ ልብሱ ላይ ጣለ፦ ስድስት ስድስት።
ለራሱ ነበር።
አየኝ። አንድ በአንድ ገለበጣቸው፣
ሆዳቸውን አነበበ፣
አንድ አንድ ብሎ ላከ።
«ለእኔ ሲያምር እገለብጠዋለሁ» አለ፣
«ለእሱ ሲከፋም እገለብጠዋለሁ።
ስልክ እንደሆነ ጀርባ አያሳይ።»

ስህተት ሳገኝ መመዝገብ ሥራዬ ነው።
ይቺን አልመዘገብኳትም።

ትናንት ማታ፣ ተራው የናኢም ሳለ፣
ከአሽዶድ አንድ መልእክት መጣ፤
ባዶ ሳጥን።
ጣቱ ስቶ ይሆን፣ ማንም ያልገባበትን ቤት አንኳኩቶ?
ወይስ ስልኩ መልኮቹን ረስቶ?
ቁጥሩን ፈልቅቄ ማየት እችላለሁ፤
እጄን ዘረጋሁ።

አባቴ ያዘኝ።
«ተይው» አለ፣ «ገልብጦት ይሆናል፣ እንደ ልማዱ።»
መነጽሩን አወለቀና
ለናኢም ጠጠሮች፣ ቀስ ብሎ፣
ስድስት ስድስት ቆጠረላቸው።