ባንድ ዓይን

ልጅ ሆኜ አባቴ ደብረ ብርሃን ወስዶ፣
ሥዕሉን ነገረኝ ጣቱን ከላይ አውርዶ፦
«ጻድቅ ከነሙሉ፣ ከነሁለት ዓይኑ፤
ኃጥኡ ባንዱ ነው፣ ሲሣል በስተጎኑ።»
ነገሩ ቀለለኝ። ሰው የመለየት ጣጣ
ባንድ ጠዋት ትምህርት ከትከሻዬ ወጣ።

የድሮ ልቦለድም ብገልጥ ይኸው ሁሌ፦
ደጊቱ ዓይነ ኮከብ፣ አንገተ ብርሌ፤
ከዳተኛው ጠባሳም፣ አንድ ትከሻው ዝቅ፤
ገና ሁለተኛ ገጽ፣ ማወቄ ጥንቅቅ።
ደራሲው አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅ።

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ መጽሐፍ እሸጣለሁ፤
ሐምሌ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እደቅናለሁ።
በዶፉ መካከል ሰውዬ ዘው አለ፤
የኮቱ ክርን እንደ አፍ የተከፈለ፣
ጫማው ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ቡናማ ዓይነት፣
ጉንጩ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበት።
«እንደምን ዋሉ» አለ። አልፎ ወደ መደርደሪያው፣
ወፍራም መጽሐፍ መዞ፣ ገለጠ ከማለቂያው።
አያነብም እኮ! ሲዳብስ ጥራዙን
በሌባ ጣቱ ነው፤ ጠረጠርኩ መዘዙን።
(የሌባ ጣት ለእኔም አለኝ እንደማንም ሰው፤
በዚያች ሰዓት ግን እሱ ላይ ነው የማየው።)

በዚህ መሐል ገቡ አቶ እንግዳሸት፣
ሱፋቸው ሰማያዊ፣ ሽቷቸው ሲሸት።
ብድግ! ወንበር ጠረግሁ በገዛ እጅጌዬ፤
ሳይናገሩ ሳቅሁ፣ «እንዴት ዋሉ» ብዬ።
ለነገሩ የመጡት ከዝናብ ሊያመልጡ
እንጂ መጽሐፍ እንኳን አንድ አልገለጡ።
አፌ ከሳቸው ጋር፤ ዓይኔ ግን በስተጎን
ያን ኮት ይከተላል፣ ምን ከተተ ይሆን።

«ቆይ!» አልኩት ከበሩ። «ፌስታልህን ፍታ።»
አልተቆጣም። ፈታው፣ ዝግ ብሎ፣ በዝምታ፦
ሜትር፣ ግማሽ ዳቦ፣ ጠመኔ፣ ድብልብል ሰም፣
መርፌ የተሰካበት ጨርቅ። ሌላ የለም።
ባልዲው ጠብ፣ ጠብ አለ። ምላሴ ደረቀ፤
«ዘመኑ ክፉ ነው» ብሎ አዳልጦት ወደቀ።

እንግዳሸት ሳቁ፦ «ኧረ ምነው፣ ደርበው!
ይህን ሱፍ የሰፋው ማን መሰለህ? እሱ ነው።»
ቅዳሜ ገበያ፣ ቆርቆሮ ሥር የሚውለው፣
ስሙ ደርበው ሆኖ፣ አንድ የሚደርበው የሌለው።

ደርበው ግን አልሳቀም። ተመልሶ፣ ደግፎ
ያን መጽሐፍ አነሣው፣ እንደ ሕመምተኛ አቅፎ፦
«ርእሱ በወርቅ ነው፤ ላይ ላዩን ያምራል።
ክሩን ሰም አልነካው፤ ነገ ይተረተራል።»
አስቀመጠው ቀስ ብሎ። ሲወጣም ዞር አለ፤
ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን፤ አንዱም ያልጎደለ።
መስኮቴ ስንጥቅ ናት። በጎን እንደቆምኩኝ
መልኬን አየሁባት፤ አንዱን ዓይን አጣሁኝ።

አባቴ ቢኖር ኖሮ እጠይቀው ነበረ፦
ያ ሰው ነው የዞረ፣ ሠዓሊው ነው የዞረ?

ሁለት ቅዳሜ ኮቴን ለማሰፋት ወረድኩ፤
ከቆርቆሮው ሳልደርስ፣ አሥር እርምጃ ሲቀረኝ፣ ተመለስኩ።
ያ መጽሐፍ አልተሸጠም፤ ክሩም ቀስ ብሎ ይላላል፤
ሽፋኑን ላየ ሰው፣ ዛሬም አዲስ ይመስላል።