ዐሥራ ስምንት ካርድ

የጥቅምት ብርድ ሲገባ የእኅቴ ልጅ ሚልክያስ
ከፎቶ ኮፒ ቤት መጣ፣ ወረቀት ጠቅጥቆ በኪስ፤
ዐሥራ ስምንት ካርድ ነው፣ በመቀስ የወጣ፣
ጠርዙ እኩል ያልሆነ፣ ቀለሙም የገረጣ።
«ጋሼ፣ የብቻ ጨዋታ ነው፤ ተጋጣሚ የለውም፤
ከተማ ትሠራለህ፤ ማንም አይቆጣህም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀያሽ ለነበረ ሰው፣
ለሜትሩ፣ ለችካሉ ጉልበቱን ለጨረሰው፣
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ
ከተማ ሥራ መባሉ! በሆዴ ሣቅሁ፣ ሳልታይ።

እያንዳንዱ ካርድ አራት ሠፈር አለው፤
መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ፋብሪካ፣ መናፈሻ ነው፤
መንገድም ያቋርጠዋል። አጎራብቶ መግጠም፣
ወይ መደረብ ይቻላል፤ ከሥር መሸጎጥ ግን የለም።
ሕጉ ሁለት ገጽ ነው፣ ሚልክያስ የተረጎመው፤
አንዱ መስመር ላይ ግን ሻይ ፈሶ አደበዘዘው፤
«ይደመራል» ይሁን «ይቀነሳል» ሳልለይ
ዘጠኝ ሌሊት አሸነፍሁ፣ መንገድ በመንገድ ላይ።
ሰባ አምስት ሲሞላ ደስታው አላስቻለኝ፣
ደወልሁ። «ጋሼ፣ መንገድ እኮ ያስቀንሳል» አለኝ፤
«አንድ መንገድ አንድ ዕዳ። እንደገና ቁጠረው።»
ቆጠርሁ፦ ዐሥራ አንድ! ያ ሁሉ ድል ይኸው ነው።

መሥሪያ ቤት ሳለሁ ይህን ማን ነግሮኝ ያውቃል?
መንገድ ባወጣን ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል።

ሁለተኛው የወንዝ ነው፣ ዘጠኝ ካርድ ብቻ ያለው፤
ምንጭና መውረጃውን ሳይቆርጡ ማያያዝ ነው።
ሻይ እስኪፈላ ያልቃል፤ ጠባዩም ለስላሳ፤
እንደ ውቢት ነው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥፋትን የሚረሳ።
ግን አራቴ ከተጫወትኸው ምሥጢሩ ያልቃል።
(የውቢት ግን አላለቀም። ንጽጽሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።)

ሦስተኛው በእርሳስ ነው፤ ካርድ ትገልጣለህ፣
የወጣልህን ቅርጽ ባለ ሣጥን ወረቀት ላይ ትሥላለህ፤
ላጲስ ክልክል ነው። ጫካ ካልሁት ጫካ፣
እርሻ ካልሁት እርሻ። እጄ ይንቀጠቀጣል ለካ!
ይህን ወድጄው ነበር፤ ግን ወረቀት ይጨርሳል፤
አንዱ ገጽ አምስት ብር፤ ጡረታዬ የት ይደርሳል?

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው። ክፉ ነው፣ እንደ አለቃ፤
ሁልጊዜ ሦስት ነጥብ ይጎድልሃል፣ ካርዱ ሲያበቃ።

ትናንት መብራት ሄደ። በሻማ ተቀመጥሁ፤
የመጨረሻውን ፋብሪካ መናፈሻው ላይ ደረብሁ።
ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሁለት ነጥብም አለው፤
እጄ ግን ካርዱ ላይ ቀረ። ይህ ሥራ የማውቀው ነው።

በሁለት ሺህ ሦስት፣ ጥር፣ ይህ ሕንጻ ካለበት አፈር
ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ስመታ፣ ስቆጥር፣
ኦቦ ቶሌራ ሽምብራቸው መሃል ቆመው
«ይሄ እንጨት ይበቅላል?» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።
ምን እንደመለስሁ ጠፋኝ። የችካሉን ቁጥር ግን አውቃለሁ፤
ሰባ አራት። ዛሬ ሰባ አራት ላይ እተኛለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ኢፋ ነው፣ የጥበቃ ክፍያ ሊሰበስብ፤
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ደረሰኝ ሊጽፍ ሲያስብ
ጠረጴዛዬን አየ። የቶሌራ ልጅ ነው።
«ምንድነው?» «ካርታ።» «የየት?» «የትም ያልሆነ ነው።»
በጣቱ መንገዱን ተከተለ፣ ከሱቅ ሱቅ ባከነ፣
የደረብሁትን በጥፍሩ ገልጦ ሥሩን አየ፣ ከደነ።
«ጉድጓዱስ?» አለ። «የቱ?» «የውኃ ጉድጓዱ፣ የአባቴ።»
«በካርዶቹ ውስጥ የለም» አልሁ፣ በድሮው የቢሮ አንደበቴ።

ሃምሳ ብሬን ተቀበለ፤ ደረሰኙን ቀደደ፤
«ደኅና እደሩ» ብሎኝ በጨለማው ደረጃ ወረደ።

ነጥቤን ቆጠርሁ፦ ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አራት ነበር ግቡ።
ሻማው አለቀ። ካርዶቹም እንደተዘረጉ አደሩ፣ ሳይሰበሰቡ።