ሣር የማይረግጥ ሰው

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሽምብጥ ሐይቁ ድረስ፣
አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ፣ እኛ መሐል ስንገሰግስ፣
"ዱካዬን ብቻ!" ይል ነበር፣ ዘወር ሳይል፣ ሳያይ፤
"ግራ የለም፣ ቀኝ የለም፤ እኔ የረገጥሁበት ላይ።"

የሰፈሩ ልጅ ይስቃል፣
"የሃምሳ አለቃ አያናው ዳክዬዎች" ይለናል።
እኛ አንገታችንን ደፍተን ጫማውን እናያለን፤
ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ፊታችንን የሚያሳየን።

መሃንዲስ ነበር በጦሩ፤ ፈንጂ ለቃሚ፣
በደረቱ ተኝቶ አፈርን በሽቦ ዳሳሽ፣ አካሚ።
ስለዚያ ዘመን የነገረን አንዲት ቃል የለችም፤
የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የት እንደቀሩ፣ እኛም አልጠየቅንም።
ጠዋት ጠዋት ግን በተረፉት በሦስቱ፣ በዝግታ፣
የዩኒፎርሜን ቁልፎች ሲቆልፍ፣ ከታች ወደ ላይ በተርታ፣
ለአንዲት የፕላስቲክ ቁልፍ እንዲያ ትንፋሹን ሲይዝ፣
ያ እጅ ምን ሲነካ እንደኖረ ይታየኝ ነበር፣ በጨረፍታ።

የጨርቃ ጨርቁ ጡሩምባ የሌሊቱን ፈረቃ ሳያስወጣ፣
አልጋው እንደ ፖስታ ታጥፎ፣ ጺሙ ተላጭቶ፣ ሻይ ሲጠጣ።
ደመወዙን፣ በኋላም ጡረታውን፣ በአራት ፖስታ ይከፍላል፤
በእርሳስ፣ በዚያ በደረቅ ጽሑፉ፣ እላያቸው ላይ ይጽፋል፦
"ጤፍ።" "ደብተር።" "ዕቁብ።" አራተኛው "ሌላ" ይላል።
"ሌላ"ን እናቴም አትነካት፤
ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ኪሱ ከትቶ ይወጣል፣ ሳይሰናበታት።

ቅዳሜ ከአስጋሪዎቹ ቆሮሶ ገዝቶ ይመጣል፤
እናቴን "አንቺ ተቀመጪ፣ ይርገዱ" ይላታል።
ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ይጠብሳል፤ ከዚያ መነጽሩን ያደርግና
እሾኹን ይለቅማል አንድ ባንድ፣ ሳህኑን አምፖል ሥር አስጠግቶ፣ በጥሞና።
"አሁን ብሉ" እስኪል ድረስ እጁን የሚሰድ የለም፤
በዚያ ቤት፣ በእሱ ዘመን፣ እሾህ የወጋው ጉሮሮ አላውቅም።

"ሌላ"ን ለቅሶው ላይ አወቅናት።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ
አንዲት የአባይ ማዶ ሴት መጣች፤ ቆመች፣ ካንድ ጥግ ርቃ።
እናቴን አቅፋ አለቀሰች። ስትሄድ ነው የተናገረችው፦
"ባሌ ከኋላው ነበር። ዱካውን ባንድ ስንዝር ነው የሳተው።"
ከዚያ በላይ አላለችም።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወር አልዘለለም።
እናቴ ሳጥን ከፍታ የወሩን ፖስታ አመጣችላት፤
"አይሆንም፣ ከእንግዲህስ" ስትል ሴትዮዋ፣
"ትእዛዝ ነው" ብላ አስጨበጠቻት።

እኔ ግን እሱን ሳስብ የሚመጣብኝ አምና መስከረም ነው፤
ሐይቁ ሞልቶ፣ ዳርቻውን አዲስ ሣር የለበሰው።
ሶልያና፣ ልጄ፣ ሦስት ዓመቷ፣ ዱካ ምን እንደሆን የማታውቅ፣
እጁን መንጭቃ ሮጠች፣ ዳክዬ ልታሳድድ፣ ወደ ሐይቅ።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ያኔ ነው ፊቱን ያየሁት፤
ያ ሁሉ ላብ፣ በዚያ ነፋስ፣ ከየት እንደመጣ እንጃለት።
"እኔ ላምጣት" ስለው በሦስት ጣቱ ከለከለኝ፤
ጎንበስ አለና ማሠሪያውን ፈታ፣ "ያዥልኝ" እንኳ ሳይለኝ።
ካልሲውን አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተው፤
ነጭ እግሩን፣ ፀሐይ የማያውቀውን፣ ሣሩ ላይ አሳረፈው።
አንድ። ቆመ።
ሁለት። ቆመ።
ከዚያ መቁጠሩን ተወው መሰለኝ።

ሮጠ፤ አባቴ! በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ኮቱ ተከፍቶ፣ ባርኔጣው ወድቆ፣
ልጅቷን አፍሶ፣ ተደናቅፎ፣ ጀርባው በጤዛ ርሶ፣ ጨቅይቶ፣ ስቆ።
ሁለቱ ሣሩ ውስጥ ሲንከባለሉ ይሰማኛል ከሩቅ፤
ጫማዎቹ አስፋልቱ ዳር፣ ተረከዝ ገጥመው፣ እያብለጨለጩ፣
ቆመው ቀርተዋል፦
ተጠንቀቅ።