ዘጠኝ ፊደል

ሥራዬ ስም መጻፍ፣ ሥራዬ ስም ማጥፋት፤
በሐሜት አይደለም፣ በአንድ ጣሳ ቀለም፣ በአራት ጣት ብሩሽ ስፋት።
ግሪምስቢ ከተማ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ፣
የዓሣ ሽታ አዝሎ ነፋሱ ሲገባ፣
አንዲት የመኪና ማቆሚያ አለች፣ በነጭ የታጠረች፣
የአሰልጣኝ ስም የምትበላ፣ በልታም ያልጠገበች።
አሥራ አንድ ጻፍኩባት፣ ሙሉ አንድ ቡድን፤
አሰልጣኝ ቢያገኙ ኖሮ ይገጥሙ ነበር ሌላውን።

ሞሪስ ኤንትዊስል በነሐሴ መጣ፣
ከአሮጌ ቮልቮ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወጣ።
ስሙን ስጽፍ ቆሞ በጣቱ ቆጠረ፤
«ዘጠኝ ፊደል፤ ቀለም ፈጀሁብህ» አለና አፈረ።
«እንደ ስምህ ይርዘም» አልኩት፣ «የወንበርህ ዕድሜ።»
ሳቀ። ጨበጠኝ፣ እጁ እስኪነጣ በቀለሜ።

መስከረም አሸነፍን። ጥቅምትም ደገምን።
ከወራጆች ጉድጓድ ሽቅብ ተመዘዝን።
ዓሣ ጠባሹ ኧርኒ ሒሳብ አልቀበል አለው፣
መጠጥ ቤት ሲገባ ቢራው ቀድሞ ጠበቀው።
አንዲት እናት መንታ ወልዳ፣ አሉ፣ ስም ስታወጣ
ሁለቱንም ሞሪስ ብላ፣ ከባሏ ጋር ጣጣ።

ግን ኳስ ድቡልቡል ናት።
የአጥቂያችን የጉልበት ጅማት በኅዳር ተበጠሰ፣
አንድ ኳስ ቋሚ ገጭቶ ወደ ውጭ ተመለሰ፤
ሁለት ጣት ብቻ ነበር። በሁለት ጣት ምክንያት
ትናንት ሊቅ ያሉት ሰው ዛሬ ጅል ሆነባት
ከተማዋ።
ስድስት ሽንፈት በተርታ።
ያው ስሙን የዘመረ የሦስት ሺህ ሰው ጉሮሮ
«ሂድልን!» አለው፣ ዜማውን ሳይለውጥ፣ ቃሉን ብቻ ቀይሮ።
ኧርኒም ሳንቲሙን እስከ መጨረሻዋ ቆጥሮ
ተቀበለው፤ ኮምጣጤም አልጨመረ።

ሊቀመንበሩ ቀርቦ ከካሜራው ፊት
«በአሰልጣኛችን አለን» አለ፣ «ሙሉ እምነት።»
ይህን ስሰማ እኔ
ግራጫውን ቀለም መበጥበጥ ጀመርኩ፣ ለብቻዬ።

ማክሰኞ ነበር። «ቦታውን አጽዳ» አሉኝ በስልክ።
ብሩሼን ይዤ ደረስኩ፤ እሱ ግን ገና አልሄደም፤
ቮልቮው ውስጥ ተቀምጦ፣ መስታወቱ በትንፋሹ ደብዝዞ፣
የራሱን መሰናበት በሬዲዮ ይሰማል።
ጠበቅሁ።
ኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ
«ቀለሙ ይደርቅብሃል» አለኝ፣
መኪናውንም አነሣልኝ።

አሰልጣኝ ብለው ጠርተው ሥልጣኑን የነፈጉት፣
ሜዳ ሰጥተው ሲያበቁ ሜዳ ላይ የጣሉት!
በእኔ ቋንቋ «ሻረ» የሚሉት ቃል ሁለት አፍ አለው፤
ቁስል ሲድን ሻረ፣ ሹምም ሲወርድ ሻሩት ነው።
በሩን ሲያልፍ ያን ዕለት ትከሻው ሳየው ቀሎ
ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ ቶሎ።

ከዚያ ሦስት ስም ጻፍኩ።
አንዱ የሐር ክራቫት ያሠረ፣ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ ሄደ፤
አንዱ ታብሌቱን ይዞ መጣ፣ ታብሌቱን ይዞ ወረደ፤
የሦስተኛውንማ፣ እውነት ለመናገር፣ ፊደል አሳስቼበት
ሳላርመው ተሰናበተ።
ኤንትዊስል ቆጵሮስ ነው አሉ። ኋላ ኖርዌይ ነው አሉ።
አንድ ክረምት ሬዲዮ ላይ የሰው ሽንፈት ሲተነትን ሰማሁት፤
ማንንም አልወቀሰም። ለዚህ ይመስለኛል ያላቆዩት።

በአራተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ያው ቮልቮ ተመለሰ፤
ክለቡ አፋፍ ላይ ነው፣ የሊቀመንበሩ ልመና ኖርዌይ ድረስ ደረሰ።
ጣሳዬን ስከፍት እጁን አነሣ፦
«ቀለም ተው፣ ግዴለም።
በጠመኔ ጻፈው። ዝናቡ ያጠፋዋል፣ አንተም አትደክም።»

ጻፍኩ። ዘጠኙንም።

የግሪምስቢ ዝናብ ሹመት አያከብርም፤ ሌሊቱን ይዘንባል።
ጠዋት ሰው ሳይመጣ፣ ጠመኔ በኪሴ፣ እንበረከካለሁ፣
የታጠበውን ፊደል መልሼ እሞላለሁ።
እሱ አያውቅም። ወይም ያውቃል።

ትናንት ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን።
ዛሬ ጫን አድርጌ ጻፍኩት።